ወደ ግራ የተጠቀለለው ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለጡረታ ሽኝት ተጠርቼ ሄድኩ። የሚሸኘው የድሮ አለቃዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ዶክተሩ እለዋለሁ። ለብዙ ዓመት "አንቱ" ስለው ኖሬያለሁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ግን ለእሱ የሚሆን አንቱታ አልቀረኝም፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ምሳ ተበልቶ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ማይክሮፎኑን ያዘና ሰመራ ስለነበርንበት ዘመን እያነሳ ያስቀን ጀመር። "አንድ ጊዜ ስንት እንግዳ ጠርተን፣ ፊደል ያልቆጠረ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ሽቦውን ወደ ግራ ጠቅልሎልን ጉድ ሆንን" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት መምህርት ዓይኗን በሶፍት እስክትጠርግ ሳቀች። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በዚህ ጉዳይ አፌን ዘግቼ ስኖር አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛልና ከየት እንደምጀምር እንኳ አላወቅኩም።

እንግዲህ ከሙቀቱ ልጀምር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቼ ሰመራ ስወርድ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ የሞተሩ ትኩሳት መስሎኝ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ሞተሩ አልነበረም፣ አገሩ ነው። የተመደብኩት በአንድ ፕሮጀክት በተከፈተች ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ዛሬ የለችም፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እሷም አለቀች። በመሐሏ ግን አገር ውስጥ ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቅ ማሽን ቆሞ ነበር፤ ቀለበት የሚመስል፣ አየር የተመጠጠለት፣ ዙሪያውን ትላልቅ የመዳብ ጥቅሎች የታጠቀ የብረት ቱቦ። ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ሲያረጅበት ለእኛ ሰጥቶን በጂቡቲ ወደብ የገባ ነው።

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው። ፀሐይ የምታበራው በውስጧ ሃይድሮጂን እየተዋሐደ ነው። ያንን ውሕደት ምድር ላይ ለመሥራት የሚሞክሩ ሰዎች ጋዙን ከልክ በላይ ያግሉታል፤ ሲግል አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ይጥሉና አዮን ይሆናሉ። ፕላዝማ የሚባለው እሱ ነው። ፕላዝማን የሚችል ድስት የለም፤ ስለዚህ በመግነጢስ መስክ ያጥሩታል። የእኛ አሮጌ ማሽን ለማስተማሪያ እንጂ ውሕደት ላይ የመድረስ አቅም አልነበረውም። ቁልፉ ሲጫን በመስኮቷ ሐምራዊ ብልጭታ ትታያለች፤ ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ትጠፋለች። የእኔ ድርሻ በዚያች ቅጽበት ውስጥ መስኩ ምን ያህል እንደሆነ፣ አዮኖቹም ወዴት እንደሚፈሱ መለካት ነበር። የአፋር ተወላጅ የሆነው ዘበኛችን ነገሩን ሳስረዳው ወደ ሰማይ አየና፣ "ሰመራ ላይ ፀሐይ አነሰችና ነው ሌላ የምትሠሩት?" አለኝ።

ከማሽኑ ጋር የመጣው የመለኪያ ሳጥን ሲከፈት መሣሪያዎቹ ተሰባብረው ተገኙ። ሌላ እስኪመጣ አንድ ዓመት ይፈጃል ተባለ። መስክ የሚለካው መሣሪያ ከላይ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ከጸጉር ብዙም በማይወፍር ሽቦ የተጠቀለለች፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ጥቅል። መስኩ ሲለዋወጥ በጥቅሏ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሳል፤ ያንን ስክሪን ላይ ማየት ነው። ራሴ ልጠቀልላት ሞከርኩ። ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ሽቦው እየተበጠሰ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀሁና አንዲት የተንሻፈፈች ነገር ይዤ ቀረሁ። ሾፌራችን አይቶኝ ሳቀና፣ "ይሄ የጋሽ ሙሄ ሥራ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውረጂ" አለኝ።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ በሚኒባስ ወረድኩ። በሎጊያ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ አድርጎ የሚሄደውን ያንን መንገድ የማያውቅ ሰው ረጅም ብቻ ይመስለዋል። ከጂቡቲ የሚመጡት ቦቴዎች እያፏጩ ያልፋሉ፤ ነጂዎቹ በመኪናቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ተጋድመዋል፤ መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል። ገዋኔ ላይ ቲማቲም የበዛበት ፓስታ በእንጀራ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ትኩስ ስለሆነ መስኮት መክፈትና መዝጋት አንድ ነው።

ጋሽ ሙሄን በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ በጋራዡ በር በስተቀኝ አገኘኋቸው። ከከሚሴ ወዲያ ካለ የወሎ ገጠር የመጡ፣ ሃምሳ የሞላቸው፣ መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ያሰሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው የተቃጠለ ሞተርና ዲናሞ መጠቅለል ነው። ከመልካ ወረር የጥጥ እርሻ የመጡ የውሃ ፓምፕ ሞተሮች ፊታቸው ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። የብስክሌት ፔዳል ገጥመው የሠሯትን መጠቅለያ በአንድ እጃቸው እያዞሩ፣ በሌላው ሽቦውን ይመራሉ፤ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ ይቆጥራሉ። የእኔን ጥቅል በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና፣

"ይህን ማን ሠራው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"አብሽሪ፣ ይለመዳል" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ግን ይለመዳል የሚል ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ጥቅል ሠርተው ሰጡኝ። ጫፉን በመልካ ወረር ጥጥ በተፈተለ ነጭ ክር ሦስት ጊዜ ያስሩትና ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ አስተሳሰራቸው እንደ ፊርማ ነው። ሰመራ ወስጄ ስሞክረው ግን ስክሪኑ ላይ የመጣው ጩኸት ብቻ ሆነ። ያ ሁሉ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ባንዴ ሲለቀቅ የማይፈለግ ነገር ወደ ሽቦው ይገባል፤ የመስኩ ድምፅ በዚያ ውስጥ ተዋጠ። ተመልሼ ወረድኩ። ችግሩን ስነግራቸው ከሞተሩ ቀና ሳይሉ፣

"ይሄ የቴፕ ጩኸት ነው" አሉ።

"የምን ቴፕ?"

"የከባድ መኪና ቴፕ። ነጂው ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ዲናሞው ቴፑ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። እኔ ሁለቱን ሽቦ እገምደዋለሁ፤ አንዱ የያዘውን ጩኸት ሌላው ይበላዋል። ያንቺንም ሁለት አድርጌ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ብጠቀልልልሽስ? ጩኸት ግራና ቀኝ አያውቅም፣ ለሁለቱም እኩል ነው የሚገባው። ያንቺ መግነጢስ ግን ያውቃል።"

ያሉትን በደብተሬ ጻፍኩ። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነገሩ የታወቀ ዘዴ ሆኖ አገኘሁት፤ እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ አላሰብኩትም፣ እሳቸው ግን ከከባድ መኪና ቴፕ ደረሱበት። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ተጠቅልለው አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ጩኸቱ ይጠፋል፣ መስኩ ግን እጥፍ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ለአዮኖቹ ፍሰት የሚሆን መለኪያም ሠራን። እሱ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው፤ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው ከጀርባው ይልቅ ፊቱ አቧራ እንደሚበላ፣ አዮኖቹ ከሚመጡበት በኩል ያለው ፊት የበለጠ ይሰበስባል። ሁለቱን ፊቶች የሚለይ ሙቀት የሚችል ነገር ስፈልግ ጋሽ ሙሄ ቤንዚን የሚያቀጣጥል አሮጌ የመኪና ካንዴላ ሰብረው ነጩን ሸክላ አወጡልኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ጋሽ ሙሄን ሰመራ አስመጣናቸው። ቁልፉ ተጫነ፤ ብልጭ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ንጹሕ፣ ለስላሳ ጉብታ ወጣ። እኔ እንደ ልጅ ዘለልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ጉብታውን ለረጅም ጊዜ አዩትና "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ዶክተሩም ደስ አለው፤ አልክድም። ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና፣ "በሚቀጥለው ወር ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ። በእነሱ ፊት እንዲሁ ከሠራ፣ ቴክኒሻን አድርገን እንቀጥርዎታለን" አላቸው። የቅጥር መደቡ ተፈቅዶ ክፍት ነበር። ጋሽ ሙሄ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ልገልጸው አልችልም። ሠላሳ ዓመት ከዳስ ሥር ተቀምጠው የሠሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ ጣራና መብራት ያለው ክፍል፣ ወንበር፣ ስማቸው የተጻፈበት መታወቂያ አጠገባቸው ቆመ። አዋሽ ሲመለሱ ለጋራዡ ባለቤት ልለቅ ነው ብለው ነገሩት። እሱም ሳይውል ሳያድር ቦታቸውን ለባትሪ ሠራተኛ ሰጠ።

እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል። ድንጋይ ኖራ ይቀባል፤ የተሰበረ ወንበር ይደበቃል፤ ሁሉም ነገር ባንድ መስመር ይደረደራል። እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የሃይድሮጂን ጋዝ የጫነው መኪና በጂቡቲ መንገድ፣ ዲቾቶ ከተማ ላይ ተበላሽቶ ቆመ ተባለና እኔ ለማምጣት ሄድኩ። ዲቾቶ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ የፍየል ሥጋና ሻይ ብቻ እየበላሁ እየጠጣሁ፣ መኪና እየቆጠርኩ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ዶክተሩ ቤተ ሙከራውን ያስተካክል ነበር።

ጋዙን ይዤ ስመለስ መለኪያው በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ፣ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ። መብራት ስላልነበረ መሞከር አልቻልንም። ጠዋት እንግዶቹ ገቡ። ጋሽ ሙሄም አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ቁልፉ ተጫነ። ሐምራዊው ብልጭታ እንደ ወትሮው ወጣ፤ እንግዶቹ "ኦ!" አሉ። ስክሪኑ ላይ ግን ጠፍጣፋ መስመር ሆነ። ደግመን ጫንን። ጠፍጣፋ። ሦስተኛ። በዓይናችን የምናየው ፕላዝማ፣ በመሣሪያችን ሲታይ መስክ የሌለው ሆነ። በሌላው ስክሪን የአዮኖቹ ፍሰት ቁልጭ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ የካንዴላዋ ሸክላ ሥራዋን አላጓደለችም፤ እሱን ግን ዞር ብሎ ያየ ሰው የለም። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ምሳው ተመሩ። ጋሽ ሙሄ ከበሩ ሆነው እኔን ያዩኝ ነበር። እኔ ስክሪኑን አየሁ።

ሰዉ ከወጣ በኋላ መለኪያውን አውጥቼ የመስታወት ቱቦውን ሰበርኩት። ከየጥንዱ አንዱ ጥቅል እንደ አዲስ ተጠቅልሏል። ነጩ ክር የለም፤ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። ሁሉም ወደ ቀኝ ነው የተጠቀለለው። በአንድ አቅጣጫ የተጠቀለሉ ሁለት ጥቅሎች ሲቀናነሱ ጩኸቱም ይጠፋል፣ መስኩም አብሮ ይጠፋል። ጥቅሉን እንደያዝኩ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ።

"ይህን ማን ነካው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ ያስተካከልኩት" አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "ሰውየው ግማሹን ገልብጦ ጠቅልሎት ነበር። በእንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይታያል? በደንብ የሚሠራ ልጅ አስጠርቼ አንድ ዓይነት አስደረግኩት።"

"ዶክተር፣ ተገልብጦ አይደለም። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት፤ አንዱ ከሌላው የሚቀነሰው ለዚህ ነው።"

ቀና አለ። ሞኝ ሰው አይደለም። ነገሩ ሲገባው አየሁት፤ ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ አየሁት። ከዚያ በሩን አየና ዝግ መሆኑን አረጋገጠ።

"ይህን ለማን ተናግረሻል?"

"ለማንም።"

"ጎሽ" አለኝ።

በማግሥቱ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። "የታየው ጉድለት የመነጨው የሽቦ ጥቅለላውን በሠራው የጋራዥ ሠራተኛ የእጅ ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል፤ የቅጥር ሐሳቡም ተሰርዟል" ይላል። ከሥር የኮሚቴው ስም ተደርድሯል፤ የመጨረሻው የእኔ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ የድጋፍ ደብዳቤ በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ሳይፈረም ተቀምጦ ነበር። እሱም ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ብቻ አስቀመጣቸው። ፈረምኩ። ጥቅሎቹ በፌስታል ታስረው በሾፌራችን እጅ ወደ አዋሽ ተላኩ፤ "አልሆነም በላቸው" ተብሎ።

ትምህርቴን ተማርኩ፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም። በአዋሽ በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም፤ አውቶቡሱ ወደ ከተማው ሲቃረብ መጋረጃዬን እስብና የተኛሁ እመስል ነበር። ጋሽ ሙሄ ቦታቸውን ስላጡ ከጋራዡ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር እንደሚሠሩ ሾፌሩ ነግሮኝ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ! ዶክተሩን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ቀማኛ! እላለሁ ብቻዬን። የሰው እንጀራ በአንድ ገጽ ወረቀት ቀምቶ በሰላም የሚያድር! ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ ወረቀት ቀልድ አድርጎ፣ በማይክሮፎን፣ ኬክ ተበልቶበት።

ማክሰኞ ዕለት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ አዋሽ ወረድኩ። በዚህ ወቅት ሀብሃብ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ አንድ ትልቅ ይዤ ቤታቸውን ጠይቄ ደረስኩ። ልጃቸው ከፈተችልኝ። ጋሽ ሙሄ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ላይ ነጭ ሞራ ወርዶበታል፤ በድምፄ ለዩኝ። ከሰላምታው በኋላ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና ባንዴ አወጣሁት፤ ጥቅሉን ዶክተሩ እንደነካው፣ ቃለ ጉባኤውን፣ ፊርማዬን።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? ጥቅሉ የመጣ ዕለት ፌስታሉን ፈትቼ አየሁት። የኔ ክር አልነበረበትም። እኔ ወላሂ ፕላስተር ተጠቅሜ አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን መጥተው አልተናገሩም?"

ልጃቸው ሀብሃቡን ቆርጣ አቀረበች፤ አንዷን ቁራጭ በእጃቸው ዳበስ አድርገው አነሱ፣ ግን አልቀመሱትም።

"ማን ይሰማኛል ልጄ? አንቺን እኮ ነው የጠበቅኩት። ሽቦውን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ብርቅነሽ ትመጣለች አልኩ። መኪና በቆመ ቁጥር አይ ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ አየሁ። ከዚያ ዓይኔም ደከመ፣ ነገሩንም ለአላህ ተውኩት።"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በዶክተሩ ላይ ስቆጣ ኖሬያለሁ። አሁንም እቆጣለሁ፤ ውሸታም ነው፣ ውሸታም ሆኖ ተሸኘ። ግን ቁጣዬ ተመችቶኝ እንደኖረ ያወቅኩት በዚያች በረንዳ ላይ ነው። እሱን እየረገምኩ ስውል ከዛፍ ሥር ሆነው መንገድ የሚያዩ ሰው እንዳሉ ማሰብ አላስፈለገኝም። እሱ ዋሸ፤ እውነቱን ይዤ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።

እጽፈዋለሁ አልኳቸው፤ ለኮሚቴው አባላትም፣ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ለነበሩትም፣ ለማያውቀንም ሰው ሁሉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። አንደኛው፣ በዶክተሩ ላይ ስድብ እንዳላበዛ ነው፤ ይህንን እንዳልፈጸምኩ አንባቢ አይቷል። ሁለተኛው፣ ጋሽ ሙሄ ብዬ ብቻ እንዳልተወው ነው። "ወረቀቱ ላይ ስም አልነበረኝም አይደል የምትይው? እንግዲያው ከነአባቴ ጻፊው" አሉ።

ስማቸው መሐመድ ይማም እንድሪስ ነው። ሽቦው ትክክል ነበር።